ስመ ክርስትናዬ የጠፋብኝ ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ዱባይ ውስጥ ከዲስከቨሪ ጋርደንስ በሜትሮ ስመለስ ዓይኔ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ አንገት ላይ ተተክሎ ቀረ። ልጅቷ ሃያ ሦስት፣ ቢበዛ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን እየነካካች ለብቻዋ ትስቃለች። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች፤ በኮሌታ ያልተሸፈነ፣ በሻሽ ያልተደበቀ፣ እንዲያው በአደባባይ የሚታይ ማተብ! አላስቻለኝም። አበሻ መሆኗን እያወቅኩ፣ «የኔ ልጅ፣ አበሻ ነሽ አይደል?» አልኳት። «አዎ እትዬ፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» አለች። «ማዳምሽ ስለ ማተብሽ ምንም አትልሽም?» ብላት ግራ ገባት። «ምን ትለኛለች እትዬ? አንድ ቀን ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ኸላስ!» ኸላስ! እኔን አሥራ አንድ ዓመት ያስከፈለኝን ነገር ልጅቷ በአንዲት ቃል ጨረሰችው። ከደስታዬ ብዛት አቅፌ ሳምኳት፤ አጠገቧ የተቀመጠው ህንዳዊ ዘመዷ መስዬው ቦታውን ለቀቀልኝ። በዚህ ሁሉ መሀል መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ።

እኔ እዚህ አገር ስገባ ሜትሮ የሚባል ነገር በወሬም አልነበረም። ከዴይራ ወደ ማዶ በአብራ፣ በዚያች ሞተሯ በምትንጣጣው የእንጨት ጀልባ፣ ለመሻገር ሃምሳ ፊልስ ነበር። ከረክ ሻይም ሃምሳ ፊልስ ነበር፤ ያውም ወፍራም፣ ሄሉ ከሩቅ የሚሸት። ከዴይራ እስከ አጅማን አምስት ሰው በጭን ላይ ሳይቀር ተጫጭኖ በጋራ ታክሲ አምስት ድርሃም ይከፍላል። ዕረፍት ያላት የአበሻ ሴት ሁሉ ዓርብ ከሰዓት ናስር አደባባይ ዙሪያ ነው የምትገኘው። ከላይ ዓባያ፣ ከሥር ጠባብ ጂንስ፣ እግራችን ላይ ያ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ። ከአገር ቤት የመጣ ሰው አዲስ ካሴት ካላመጣ ሰው አይባልም ነበር፤ አንዱን ካሴት አሥር ሴት ስለምትቀዳው መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ከበርሜል ውስጥ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ግን ያንንም ቢሆን እያለቀስን እንሰማዋለን። ዛሬ ከረክ ሻይ ስንት እንደገባ ለመናገር አፍራለሁ፤ ለማንኛውም እጠጣዋለሁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ የወሎ፣ የመርሳ ልጅ ነኝ። ያኔ አገር ቤት ያለው ደላላ፣ «የሙስሊም ስም ካልያዝሽ ቪዛሽ ቶሎ አይወጣም» አለኝና ፓስፖርቴ ላይ ሰዓዳ ሆንኩ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል! ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የመጣነው። ሁለት ዓመት ሰዓዳ ብሆን ምን እሆናለሁ፣ ስመለስ ጥሩወርቅነቴ ይጠብቀኛል አልኩ። ቦሌ ደርሼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና እናቴ ያሰረችልኝን ማተብ ለመቁረጥ መቀስ ብፈልግ አጣሁ። በጥርሴ በጠስኩትና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ዛሬ ይኸው ስጽፈው እንኳ ጥርሴን ያሳክከኛል።

የተቀጠርኩት አጅማን፣ አንዲት ደግ ባልቴት ቤት ነበር። ማዳም ለዒድ ልብስ ስትገዛ ለእኔም ከልጆቿ እኩል ትገዛለች፤ በረመዳን ከአንድ ሳህን ነው የምናፈጥረው። ስገጂ ብላኝ አታውቅም፤ ሰዓዳ የተባለች ሴት ካልሰገደች ግን ጥያቄ ይመጣል ብዬ እኔው ፈራሁ። መርሳ ላይ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር አንድ ግቢ ስላደግሁ አነሣሡንም አወዳደቁንም አውቀዋለሁ። ግንባሬ ምንጣፍ ላይ፣ ልቤ የትም! ያቺ ሴት ከልቧ ከአምላኳ ጋር ስታወራ እኔ አጠገቧ ቆሜ አስመስል ነበር። በእኔም ሃይማኖት በእሷም ሃይማኖት ላይ ድፍረት መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ በሦስተኛው ዓመት ምንም አይሰማኝም ነበር። ሁለት ዓመት ያልኩት ሰባት ሆነ።

ከማዳም ቤት ከወጣሁ በኋላ ሻርጃ፣ አል ናህዳ ገባሁ። ስድስት ሴት በአንድ ክፍል፣ ለእያንዳንዷ አንድ ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፤ ከመስኮቱ ሥር ወደ ዱባይ የሚሄደው መኪና ተሰልፎ ጡሩምባ ሲነፋ ይውላል። እዚህ እንኳ ማንም ሰዓዳ ሁኚ አላለኝም። ነፃ ነበርኩ። ግን ምን ሆንኩ? በየዓርቡ ሺሻ ቤት፣ በየዓርቡ ጭፈራ። እናቴ በነሐሴ ደውላ፣ «ፍልሰታን ያዝሽ?» ትለኛለች፤ እኔ የዶሮ እግር በእጄ ይዤ፣ «ያዝኩ እማዬ» እላለሁ። እሷ «እሰይ የኔ ልጅ» ስትለኝ ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ቢሆንም እውጠዋለሁ። እግዚአብሔር ከረሳኝ ቆይቷል፣ እኔ ብረሳው ምን ይገርማል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከአልጋዬ ቀጥላ የምትተኛው ዘሀራ ናት። ዘሀራ የሐይቅ ሴት፣ ከእኔ አራት ዓመት ትበልጣለች፤ ትምህርት ቤት ነው የምታጸዳው። አምስት ወቅት ሶላቷን በዚያች በሁለት አልጋ መሀል ባለች ክፍተት ሳታስተጓጉል ትሰግዳለች። ምላሷ ደግሞ ምላጭ ነው። አንድ ቀን ዶሮዬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ «ዛሬ ሮብ መሰለኝ» አለች።

«ቢሆንስ?»

«ጾም አይደል እንዴ የናንተ?»

«እኔ ሰዓዳ ነኝ፤ ምን አገባሽ?»

«ሰዓዳ የምትባል እህት አለችኝ» አለች ረጋ ብላ፤ «አንቺ እሷን አትመስዪም። ጥሩወርቅንም አትመስዪም። የማንን ዶሮ እንደምትበዪ እንጃ!»

ተናድጄ ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ የሚጾሙትን እያወቀች ያደገች የወሎ ሙስሊም ናትና ሮብና ዓርብን ከእኔ ይልቅ እሷ ትቆጥርልኝ ነበር።

ያኔ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ገና አዲስ ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ የደረሱት ዛፎች ከእኔ ያጥሩ ነበር። እዚያ ሰላማዊት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ከባሏ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ነጂ ነው። ከሰላም ጋር አንድ ቪላ ስናጸዳ ነው የተዋወቅነው። ሴት ልጅ ስትወልድ ዘመድ አጠገቧ አልነበረምና አጥሚቱንም፣ ዳይፐሩንም፣ ማጠቡንም እኔ ያዝኩ። ሕፃኗን ሶስናን አቅፌ ስቀመጥ ዓለም ሁሉ ይረሳኛል። ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በቁመት ትበልጠኛለች፣ ስልኬ ሲበላሽ የምታስተካክልልኝም እሷ ናት። ያን ጊዜ ግን የክንዴን ግማሽ አታህልም። እንዲህ አቅፌያት ሳለሁ ሰላም፣ «ጥሩዬ፣ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እኔ ዘልዬ፣ «እሺ! እሺ!» ብዬ ልጅቷን ይዤ መደነስ ጀመርኩ። «ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ዓርብ ነው የቀረው» አለች ሰላም፤ «አባ ክርስትና የምታነሣው ሴት ንስሐ ገብታ መቁረብ አለባት ብለዋል። መቼም ንስሐ አባት አለሽ አይደል?» ጭፈራዬን አቆምኩ። «እንዴ፣ እንዴታ!» አልኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የለም። የካድኩ፣ ማተቤን የበጠስኩ ሴት ሕፃን ይዤ መቅደስ ፊት ልቆም? ሳምንቱ ሳያልቅ ደወልኩላት። «ሰላምዬ፣ ሹግል፣ ድንገተኛ ሥራ መጣብኝ፤ ዓርቡ ሁሉ ተይዟል፤ ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳትና ዘጋሁት። ዘሀራ መስገጃዋን እያጠፈች ነበር።

«የቱ ሹግል?» አለች።

«አንድ ነገር ነው።»

«ዋላሂ ጥሩ፣ እኔን ዋሺኝ፤ ለምጄዋለሁ። ሕፃን ላይ ግን አትዋሺ።»

ያኔ ገነፈልኩ። «አሥራ አንድ ዓመት ነው ዘሀራ! በምን ፊቴ? ሂጂ ውጪ ነው የምባለው!»

«ማን ነው ውጪ የሚልሽ?»

«ቄሱ! ሰዉ! እግዜሩ!»

«የሰዉን ተዪው። እግዜሩን ግን ሳትጠይቂው አትመልሺለት» አለች። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «አብሽሪ። ዓርብ አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ። ሳትጨርሺ ብትወጪ ግን ሙሽኪላሽ፣ ጠብሽ ከእኔ ጋር ነው።»

እንዳለችውም አደረገች። ዓርብ ጠዋት ተነሣሁና ነጠላ የለኝም ብል፣ ነጭ የሶላት መከናነቢያዋን አውጥታ ራሴ ላይ ጣለችልኝ። በእሱ ተከናንቤ ነው የሄድኩት! ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ በሻርጃ የሌሎች ክርስቲያኖች ግቢ ውስጥ የተዋስናት አዳራሽ ናት፤ የሥራ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ የሰንበት ቅዳሴያችንን ዓርብ እናስቀድሳለን። ዘሀራ በጥቁር ዓባያዋ በሩ ላይ፣ የአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጠችና በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰው ይቀበላሉ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የመነጽራቸው እግር በፕላስተር ተጠግኗል። ከፊታቸው ተንበረከክሁ። ለማለት ያዘጋጀሁትን ሁሉ በሆዴ ደርድሬዋለሁ። እሳቸው ግን መጀመሪያ፣ «ስመ ክርስትናሽ ማነው ልጄ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«ወለተ...» አልኩ።

«ወለተ ማን?»

«ወለተ ሥላሴ... አይደለም አባቴ፣ እሱ የእህቴ ነው።»

ስመ ክርስትና በየቀኑ የሚጠሩበት ስም አይደለም፤ ቄስ ፊት ካልቆሙ፣ ካልቆረቡ፣ ለጸሎት ካላስጠሩት ማንም አያነሣውም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አላነሣሁትም። ሰዓዳ የሚለው ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ምላሴ ጫፍ ላይ አለ፤ በተጠመቅኩበት ስም ግን ማን እንደሆንኩ አላውቅም! እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። እዚያው መሬቱ ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። «እናትሽ በሕይወት አሉ?» አሉኝ። «አሉ አባቴ።» «እንግዲያው ሄደሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው። እኔ የትም አልሄድም።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ዘሀራ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በሩን በሁለት እጇ ዘጋችው። «ወዴት ነው? ጨረስሽ?»

«ስልክሽን ስጪኝ! ስሜ ጠፋኝ!»

«የቱ?» አለች። ስንት ስም እንዳለኝ ታውቃለቻ!

እናቴ ስልኩን አነሣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «እማዬ፣ ቶሎ በዪ፣ ስመ ክርስትናዬ ማነው?» አልኩ። ከዚያ የሰማሁት ዋይታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በእኛ አገር የሰው ስመ ክርስትና ከሩቅ በጥድፊያ የሚጠየቀው መቼ ነው? ሲሞት፣ ለፍትሐቱ! እናቴ፣ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጥሩዬን! አንቺ የምትደውዪው ማን ነሽ? መቼ ነው የሞተችው?» ትላለች። «እኔ ነኝ እማዬ! እኔው ነኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ! ጎረቤት እየጮኸ ወደ ቤት ሲገባ ይሰማኛል። እኔ ሻርጃ ላይ አለቅሳለሁ፣ መርሳ ላይ ይለቀስልኛል። ዘሀራ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና፣ «እማማ! እማማ! ዘሀራ ነኝ፣ የሐይቋ! ልጅዎ ደኅና ናት! ይቺት ቆማ፣ እንደ በሬ ጤነኛ ናት! ለፍትሐት አይደለም፣ ለንስሐ ነው የፈለገችው!» ብላ ጮኸች። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ወጥቶ አየን። በዚያኛው ጫፍ ዋይታው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ትንሽ ቆየና እልልታ ሆነ። እናቴ እያለቀሰች እልል ትላለች!

«አስካለ ማርያም ናት በያት!» አለች። «አስካለ ማርያም!»

ስልኩን ተቀበልኩ። አንዴ ከተጀመረ አይቀር ብዬ፣ «እማዬ፣ ፍልሰታን ያዝኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ማተቤንም በጥሼዋለሁ» አልኳት።

«እየሄድሽ ነው ወይስ እየመጣሽ?» አለችኝ።

«እየመጣሁ ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ቄሱን አታስጠብቂ፤ ግቢ!»

ገባሁ። «አስካለ ማርያም ነኝ አባቴ» አልኳቸውና ከቦሌው መጸዳጃ ቤት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር። አልገሠጹኝም። «በውሸት ነው የወጣሽው፤ በእውነት ግቢ» አሉ። «ልጅ የእናቷ ናት። ለእናቷ ሁሉን ንገሪያት። እሷ ከፈቀደች፣ የሚመጣው ዓርብ የካደ የሚመለስበትን ጸሎተ ቄደር አድርሼ እመልስሻለሁ፤ ከዚያ ቆርበሽ ልጅቷን ታነሻለሽ። ካልፈቀደችም ያው ልጄ ነሽ፤ መመለስሽ አይቀርም።» በቀን አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። አል ናህዳ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል የት ይሰገዳል? ዘሀራ የራሷን ክፍተት ለቀቀችልኝ። ቁጭ ብላም ትቆጥርልኛለች። «ሠላሳ አንድ» ስል፣ «ሃያ ዘጠኝ ነው፤ አታጭበርብሪ!» ትላለች።

ቅዳሜ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሄድኩ። ሰላም ሶስናን ጡት ታጠባለች። ቆሜ ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ንስሐ አባት አለኝ ያልሽኝስ?»

«አልነበረኝም።»

«ሹግሉስ?»

«አልነበረም።»

ልጇን እንዳቀፈች ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። በቃ፣ ጠላችኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ሶስናን ደግሜ ላላቅፋት ነው የሚለው ነገር ከሁሉም በላይ አንጀቴን ቆረጠው። ሰላም ዞር አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጥሩዬ፣ ይቺ ልጅ እዚህ አገር ነው የምታድገው» አለች። «አንድ ቀን ብትጠፋብኝስ? ጠፍታ የማታውቅ ክርስትና እናት ምን ትረባታለች? መመለሻውን የምታውቅ ትሻለኛለች።» አለችና ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ እንጃ ምን እንዳልኩ፤ ሳለቅስ ልጅቷን ስለቀሰቀስኳት ሰላም መልሳ ወሰደችብኝ።

አል ናህዳ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ጥቁር ክር በአንድ ክንድ ስጠይቀው፣ «ለአንድ ክንድ ምን ይሰፋል?» ብሎ ሳቀና በነፃ ሰጠኝ። በሁለተኛው ዓርብ አባ በውኃው ላይ ጸልየው ከራሴ እስከ እግሬ አፈሰሱብኝና ያን ክር ባርከው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ ከአንገቴ አልወርድ አለ። እሑድ ለሥራ የሄድኩባት ማዳም ምንድነው ስትለኝ ነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለችና ወደ መስኮቱ መራችኝ፤ መስታወቱ አቧራ ነበረው። ይኸው ነው! አሥራ አንድ ዓመት የፈራሁት!

ሦስተኛው ዓርብ ደረሰ። የማጥመቂያውን ገንዳ በጠዋት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያን ቀን ተደስቼ ዕቃ አጥቤ አላውቅም። ሥርዓቱ ሲጀመር ሶስናን አቅፌ ቆምኩ። ክርስትና እናት ሕፃኑን ተክታ ነው የምትመልሰው። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ አሉኝ፤ «እክዳለሁ!» አልኩ። ቀጥለው ወደ ምሥራቅ አዞሩኝና ታምኛለሽ ወይ አሉኝ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ «አምናለሁ!» አልኩ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። ሶስና ደንግጣ ጮኸች። ዲያቆኑ በጆሮዬ፣ «እኅቴ፣ ቀስ» ሲለኝ ሕዝቡ ሳቀ፤ አባም በፂማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ ውኃው፣ ቅብዐቱ፣ ቁርባኑ ተከታተለ። ከዚያች ሕፃን ጋር አብሬ ቆረብኩ።

ሶስናን በነጭ ጠቅልዬ ስወጣ ዘሀራ ከጥላዋ ተነሥታ እየሳቀች መጣች።

«አንቺ ሴትዮ! ጩኸትሽ እስከ በር ተሰማ እኮ!»

«ውይ አፈርኩ!» አልኩ።

«እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁሽ» አለች፤ «እግዜሩ አልሰማኝም ብለሽ ደግሞ እንዳትጀምሪ። ያላ፣ ልጅቷን አምጫት!»